ለታጁራ ድንጋይ የሚሆን ጫማ ከድሬ ገበያ፦ አምስት ዓይነት፣ አንድ ምርጫ

ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ባሕር ለማየት የሚወርድ ሰው ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ፍራንክ ምንዛሪው፣ ስለ ባቡሩ ሰዓት ደጋግሞ ይጠይቃል። ስለ ጫማ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። «ባሕር ዳር አይደል እንዴ? ነጠላ ጫማ ይበቃል» ተብሎ ይኬዳል። የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ግን የላንጋኖ አሸዋ አይደለም። ነጠላ ጫማ አድርጎ የሄደ ሰው በሁለተኛው ቀን እግሩን በፋሻ ጠቅልሎ ጀልባ ላይ ይቀመጣል፤ ሌላው ደሴቱን ሲዞር እሱ ሻንጣ ይጠብቃል።

እዚህ የምንመዝነው በድሬ ገበያ፣ በተለይ ታይዋንና ቀፊራ በሚባሉት ገበያዎች፣ የሚገኙ አምስት ዓይነት ጫማዎችን ነው፤ ያውም ለዚህ አንድ ሥራ ብቻ። ኮንጎ፣ በረባሶ፣ «የውሃ ጫማ» እየተባለ የሚሸጠው፣ የሰልባጅ የተራራ ጫማና ሸራ ጫማ። ለቸኮለ ሰው ፍርዱ ይቅደም፦ ሸራ ግዙ፣ ግን ሳታሰፉት እንዳትሄዱበት።

መጀመሪያ መሬቱን እንይ፤ ጫማውን የሚገድለው እሱ ነውና። በባሕረ ሰላጤው ሁለት ዓይነት ድንጋይ አለ። ሙሻና መስካሊ ከጅቡቲ ከተማ በጀልባ የሚደረስባቸው ዝቅ ያሉ ደሴቶች ናቸው፤ የተሠሩት ከኮራል፣ ማለትም ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ከሚገነቡት ድንጋይ፣ ነው። አሸዋ አላቸው፣ ጨው ውሃ ዳር ጭቃ ላይ የሚበቅለው ማንግሮቭ የሚባለው ዛፍ አላቸው፤ በቀረው ቦታ ግን መሬቱ የደረቀ ኮራል ነው፤ እንደ ተሰበረ ሸክላ ጠርዝ ያለው፣ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ። ሙሻን እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1840 ከታጁራው ሱልጣን በ10 ጆንያ ሩዝ ገዙት ይባላል። ደሴቱን በባዶ እግሩ ለዞረ ሰው ይህም ዋጋ ውድ ነው። ሁለተኛው ድንጋይ ያለው ባሕረ ሰላጤው በስተምዕራብ በሚያልቅበት በጉቤት አል ኸራብ ነው። ባሕሩ በጠባብ በር ገብቶ ዙሪያውን በገደል ይከበባል፤ መሐሉ ላይ ጊኒ ኮማ፣ የአገሬው ሰው የሰይጣን ደሴት የሚላት፣ ጥቁር ሆና ብቅ ብላለች። እዚህ ድንጋዩ ባዛልት ነው። በጉቤትና በአሳል ሐይቅ መካከል ያለው አርዱኮባ የተባለው እሳተ ገሞራ የፈነዳው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1978 ስለሆነ የፈሰሰው ላቫ ገና ጠርዙ አልዶለዶመም፤ በእጅ ሲዳሰስ እንደ ብረት ሞረድ ነው።

ኮራል ይቆርጣል፤ ላቫ ይሞርዳል፣ ደግሞም ያቃጥላል። ጥቁር ድንጋይ ቀትር ላይ ከ60 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል። ጫማ የሚሰፋበት ክር የሚበጠሰው በኮራል ነው፤ ሶል የሚላቀቀው በላቫ ነው። አንድ ጫማ ሁለቱንም መቻል አለበት።

ኮንጎን ቶሎ እንለፈው። ርካሽ ነው፣ ይታጠባል፣ ውሃ አይቋጥርም። ነገር ግን ፕላስቲኩ እርጥብ ድንጋይ ላይ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ ሙቀት ሲነካው ይልፈሰፈስና ተረከዝ ላይ ያለው ጠርዝ ቆዳ ይልጣል። ለእንግዳ ማረፊያው መታጠቢያ ቤትና ጀልባ ላይ ለመቀመጥ ይበቃል።

በረባሶ ግን ክብር ይገባዋል። ከመኪና ጎማ ተቆርጦ የሚሠራ ስለሆነ ላቫውን የሚንቀው እሱ ብቻ ነው፤ መኪና አስፋልት ላይ ስንት ሺ ኪሎ ሜትር ያስኬደ ጎማ በሦስት ቀን እግር ጉዞ አያልቅም። ውፍረቱ ግለቱንም ወደ እግር አያሳልፍም። የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ሶሉ ስለማይታጠፍ ያዘመመ ድንጋይ ላይ የሚያርፈው በጠርዙ ብቻ ነው፤ ቁርጭምጭሚት የሚዞረው ያኔ ነው። ጣት ክፍት ስለሆነ ኮራል ውስጥ እግር ሲገባ የሚጋጨው ጥፍር ነው። ጠጠር ይገባል፣ ይወጣል፣ እንደገና ይገባል።

በረባሶ የምትገዙ ከሆነ ገልብጣችሁ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ የጎማው ጠርዝ ላይ የብረት ሽቦ ጫፍ ብቅ ብሎ እንደሆነ በጨርቅ ዳስሱ፤ ጨርቁን ከያዘው ተዉት። የዘመኑ ጎማ ውስጡ ሽቦ አለው፤ ጨው ሲነካው ይዝግና ወደ ውስጥ እግር ይወጣል። ሁለተኛ፣ ማንገቻው በሚስማር የተመታ ነው ወይስ በተሰነጠቀ ቀዳዳ አልፎ የተሰፋ? ሚስማሩ በባሕር ውሃ ይበላል፤ ማንገቻው የሚነቀለው ደግሞ ቤት ውስጥ አይደለም፣ ገደል ስትወርዱ ነው። የተሰፋውን ምረጡ። በተረከዝ በኩል የሚያስር ከሌለው ደግሞ ማንግሮቭ አጠገብ አትድረሱ፤ ጭቃው ጫማውን ይስብና ያስቀረዋል፣ ፈልጎ ማውጣቱ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

«የውሃ ጫማ» የሚባለው እንደ ካልሲ የሚሳበው፣ ከሥሩ ስስ ጎማ ያለው ነው። ሻጩ ውሃ ውስጥ እየነከረ ያሳያል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ መልኩም ያምራል። ሲታይ ለባሕር የተፈጠረ ይመስላል፤ በዚህ ዝርዝር ውስጥ በጣም የሚያታልለውም እሱ ነው። የሶሉ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ከ3 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። በአሸዋና በዋና ገንዳ ዳር ምንም አይወጣለትም። ኮራል ላይ ግን እያንዳንዱ ሹል በውስጥ እግር ይቆጠራል፤ ላቫ ላይ ግማሽ ቀን ከተሄደበት ከአውራ ጣት ሥር ይበሳል። ከሁሉ የሚከፋው የሚሰጠው የሐሰት ድፍረት ነው፦ ሰው ጫማ አድርጌያለሁ ብሎ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ሳያይ ይረግጣል። በእነዚህ ባሕሮች የድንጋይ ዓሣ አለ፤ ድንጋይ መስሎ ይተኛል፣ የጀርባው እሾህ ስስ ጎማን ይበሳል። መርዙ ሙቀት ስለማይወድ የተወጋ እግር መታገስ በሚቻል ሙቅ ውሃ፣ 45 ዲግሪ አካባቢ፣ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ይነከርና ሰውዬው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይወሰዳል። የውሃ ጫማ ያለው ሰው አይጣለው፤ ለመዋኘትና ለጀልባ ሁለተኛ ጫማ ይሁነው።

የሰልባጅ የተራራ ጫማ ነገር ደግሞ ሌላ ወጥመድ ነው። ታይዋን ገበያ ውስጥ ስሙ የታወቀ፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ ብዙም ያልተረገጠ ጫማ ይገኛል። «አቦ፣ ይሄ ኦርጅናል ነው! አውሮፓ ነው የተረገጠው፣ ያውም ሁለት ቀን» ይላል ሻጩ። እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ችግሩም እዚያው ላይ ነው። የእነዚህ ጫማዎች መሐል ሶል ብዙ ጊዜ የሚሠራው ፖሊዩሪቴን ከሚባል ለስላሳ የፕላስቲክ ዓይነት ነው። ፖሊዩሪቴን ሳይረገጥ ቢቀመጥም በአየሩ እርጥበት እየተበላ ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል። ለዓመታት ቁም ሳጥን ውስጥ የቆየ ጫማ ከላይ አዲስ መስሎ ከታች እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። ሙቀትና እርጥበት ሲያገኝ ደግሞ በአንድ ቀን ሶሉ ብድግ ብሎ ይቀራል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ የሶሉን መሐል፣ ከታችኛው ጎማ በላይ ያለውን ለስላሳ ክፍል፣ በአውራ ጣት ጥፍር አጥብቃችሁ ተጫኑ። ተመልሶ ከነጠረ ደህና ነው። ምልክቱ ከቀረ፣ ወይም ትንንሽ ስንጥቅ ከታየ፣ በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱት። ደህናው እንኳ ቢገኝ ውሃ ከገባበት በቀላሉ አይደርቅም፤ ከጀልባ ወደ ዳርቻ ለመውረድ ደግሞ እስከ ጉልበት ውሃ ውስጥ መግባት የተለመደ ነው። ደሴት ሳይረግጡ በላይ በኩል፣ በአርዱኮባና በአሳል ብቻ ለሚሄዱ ሰዎች ግን ደህናው የተራራ ጫማ ከሁሉም ይሻላል።

ወደ ሸራው እንምጣ። ሸራ ሁሉ አንድ አይደለም። የምትፈልጉት የሶሉ ጎማ ወደ ላይ ታጥፎ ጨርቁን ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር የሚያቅፈውን ነው፤ መስፊያ ቦታ የሚሰጠው ያ ጠርዝ ነው። ሶሉ ጎማ ይሁን እንጂ ያ ቀላል፣ እንደ ስፖንጅ የሚጨመቀው አይሁን፤ ስፖንጁ በሙቀት ይኮማተራል፣ ቁጥር 42 የገባ ጫማ 41 ሆኖ ይወጣል። ለመለየት ሶሉን ሲሚንቶ ላይ አሹት፦ ጎማ ይይዛል፤ ጠንካራ ፕላስቲክ ይንሸራተታል። ከዚያ ጫማውን ከጣት በኩል እጠፉት። የሚታጠፈው ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ መሆን አለበት፤ መሐሉ ላይ የሚታጠፍ ከሆነ ድንጋይ ላይ ውስጥ እግርን ያደክማል። የማሰሪያው ቀዳዳ ብረት ከሆነ በባሕር ውሃ ቶሎ ይዝጋል፣ ዝገቱም ክሩን ይበላል፤ ቀዳዳው በክር የተሰፋው ይሻላል።

ገበያ የሚወጣው አመሻሽ ላይ ነው፤ እግር በቀን ሙቀት ያብጣል፣ ጅቡቲ ደግሞ ከድሬም ይብሳል። ይዛችሁ የምትሄዱትን ካልሲ አድርጋችሁ ለኩ። ቆማችሁ ጣቶቻችሁን ወደ ፊት ስትገፉ ከተረከዝ በስተኋላ አንዲት ጣት ከገባች ልኩ እሱ ነው። ከዚያ ያነሰ ከሆነ ገደል ሲወረድ ጥፍር ይጠቁራል። ዋጋ ላይ እንደ ልማዳችሁ ተከራከሩ፤ «የጅቡቲ ዕቃ ነው» ሲሏችሁ ግን ፈገግ በሉ፣ ጫማው ወደ መጣበት አገር ሊመለስ ነውና።

አሁን ስፌቱ። አዲስ ሸራ ጫማ ሶሉ የተያያዘው በሙጫ ብቻ ነው። የዚህ ዓይነት ሙጫ፣ ጫማ ሰፊዎቻችን ማስቲሽ የሚሉትም ጭምር፣ ሲሞቅ ይለሰልሳል። ከላይ የተባለው የድንጋይ ግለት እዚህ ላይ ነው የሚገባው፦ ሙጫው ይለሰልሳል፣ ላቫው በጎን በኩል ይይዘዋል፣ ሶሉ ከአውራ ጣት ጀምሮ አፉን ይከፍታል። ስለዚህ ጫማ ሰፊው ዘንድ ውሰዱትና እንዲህ በሉት፦ ዙሪያውን በሙሉ፣ በድርብ ናይለን ክር፣ በየ7 ሚሊ ሜትሩ አንድ ስፌት። የጥጥ ክር አትቀበሉ፤ ውሃ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ይላጫል። ዋናው ነገር ከመስፋቱ በፊት ከሶሉ ሥር በምላጭ ጥልቀቱ 2 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ ቦይ እንዲያወጣ ነው። ክሩ ቦዩ ውስጥ ካልተኛ ድንጋዩን የሚረግጠው ክሩ ነው፤ ግማሽ ቀን አይቆይም። አብዛኛው ጫማ ሰፊ ይህን ሳይነገረው አያደርገውም፤ ለከተማ ጫማ አያስፈልግማ። ቁሙና ወስፌው የሚገባበትን እዩ፦ ከሶሉ ጎን ጠርዝ ገብቶ ውስጥ ንጣፉን መያዝ አለበት፤ ጨርቁን ብቻ ከያዘ ይቀደዳል። የአውራ ጣቱን አካባቢ ሁለት ዙር አሰፉት።

ጫማ ሰፊው ገና መሣሪያውን ሳይሰበስብ የውሃ መውጫም አስበሱ። በጋለ ሚስማር ከውስጠኛው ጎን በኩል፣ የእግር መሐል ባለበት ቦታ፣ በየጫማው ሁለት ቀዳዳ፤ ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር፣ ከሶሉ ጠርዝ ትንሽ ከፍ ብሎ። ዝቅ ካለ ስፌቱን ይቆርጣል፣ ከሰፋ ኮራል ጠጠር ያስገባል። የውስጥ ንጣፉ ብዙ ጊዜ ውሃ በሚያሟሟው ሙጫ የተለጠፈ ስለሆነ በመጀመሪያው ቀን ይጠቀለላል፤ አውጡትና በማስቲሽ መልሳችሁ ለጥፉት፣ ጠርዙን በጣት ተጭናችሁ አንድ ሌሊት አሳድሩት።

ከመንገዱ በፊት ፈትኑት። በአንድ ሊትር ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው የባሕርን ያህል ይሆናል። ጫማውን በሳፋ ውስጥ ነክራችሁ አሳድሩ፣ ጠዋት ፀሐይ ላይ አድርቁ፣ ከዚያ እጠፉት። ስፌቱ ከጮኸ ወይም ሙጫው ነጭ ሆኖ ከተላጠ ጥፋቱ ድሬ እያላችሁ ታወቀ፣ ተመስገን ነው። ቀጥሎ በደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ፣ ከዚያም ከከተማው ዙሪያ ባሉት የኖራ ድንጋይ ኮረብታዎች ላይ ሁለት ሰዓት ተራመዱበት። የኖራ ድንጋዩ ከኮራል ጋር ይቀራረባል፤ የሚፋቅባችሁን ቦታ ያሳያችኋል። በዚያ ቦታ ላይ ቀን በቀን ቫዝሊን፣ አልያም ገና ሳይቀላ ፕላስተር። ከሐረር የሚነሱ ደግሞ ከባቢሌ አልፎ በዳካታ ሸለቆ ውስጥ ባሉት ትልልቅ ድንጋዮች ላይ ቢሞክሩት ሶሉ ምን ያህል እንደሚይዝ ያዩታል።

መንገዱ ረጅም አይደለም። አዲሱ ባቡር ከድሬ ተነስቶ በአዲጋላና በደወሌ፣ ከዚያም በአሊ ሳቢዬ በኩል የጅቡቲ ከተማ ጣቢያ የሆነው ናጋድ ይደርሳል፤ ከ1,200 ሜትር ገደማ እስከ ባሕር ጠለል እየወረደ። ጫማውን ሻንጣ ውስጥ አድርጉት እንጂ ፀሐይ በሚመታው መስኮት ሥር አታስቀምጡት። ጊዜው ከኖቬምበር እስከ ማርች ድረስ ነው፤ ዌል ሻርክ የሚባለውን ግዙፍ ዓሣ ለማየት የሚጓጓም በኖቬምበርና በጃንዋሪ መካከል ይሂድ። ከጁን እስከ ኦገስት ካምሲን የሚባለው ደረቅ ነፋስ ይነፍሳል፤ ያኔ ስለ ጫማ ምርጫ ማውራት ቅንጦት ነው።

ቦታው ላይ ደርሳችሁ የትኛውም ጫማ የማያድናችሁ ሁለት ነገር አለ። አንዱ አረንጓዴው ድንጋይ ነው። የባሕሩ ሙላትና ሽሽት ልዩነት እስከ 3 ሜትር ሊጠጋ ይችላል፤ ባሕሩ ሲሸሽ ከገደሉ ሥር የሚገለጠው ድንጋይ አልጌ ለብሷል፣ ጎማም ሸራም በረባሶም እዚያ ላይ እኩል ናቸው። ደረቁንና ቀለሙ የነጣውን ርገጡ። ከገደል ሥር ለመሄድ ካሰባችሁም ባሕሩ መሸሽ ሲጀምር ግቡ፤ መሙላት ሲጀምር የገባ ሰው መመለሻው ይዘጋበታል። ለባለ ጀልባው የመመለሻ ሰዓቱን ሳይሆን ባሕሩ የሚሞላበትን ሰዓት ጠይቁት፤ ያንን እሱ አይስተውም። ሌላው የባሕር ጃርት ነው። ረጅሙ ጥቁር እሾህ ሸራውን ከጎን ያልፋል። ከተወጋችሁ ወረንጦ የሚረዳው ብቅ ብሎ ለሚታየው ብቻ ነው፤ ጠልቆ የተሰበረውን አትቆፍሩት፣ በሙቅ ውሃ ንከሩት። እሾሁ መጋጠሚያ ላይ ከገባ ግን ለሐኪም ነው። ኮራል የቆረጠውን ቁስል ደግሞ ትንሽ ነው ብላችሁ አትናቁት፤ ውስጡ ፍርፋሪ ይቀራል፣ ያመረቅዛል። በንጹሕ ውሃና በሳሙና እያሻችሁ እጠቡት፣ ቢያምም።

በየማታው ጫማውን ጨው በሌለው ውሃ እጠቡት። ግማሽ ሊትር ይበቃል፤ ሲደርቅ ክር ውስጥ የሚቀረው የጨው ቅንጣት እንደ ብርጭቆ ዱቄት ይፈጫል። አሳል ሐይቅ ወርዳችሁ ከሆነ ደግሞ ለማታ አታቆዩት፣ ጨዉ ከባሕሩ 10 እጥፍ ነውና መኪናው ጋ ስትደርሱ እጠቡት። ጋዜጣ ወይም ደረቅ ጨርቅ ውስጡ ጠቅጥቃችሁ ጥላ ላይ አድርቁት። ጫማውን ግለቱ ገና ባልወጣለት ድንጋይ ላይ የሚያሰጣ ሰው ማስቲሹን በገዛ እጁ እያቀለጠ ነው።

በደንብ የተሰፋ ሸራ ሁለት ሦስት እንዲህ ዓይነት ጉዞ ይችላል። መጀመሪያ የሚላላው የአውራ ጣቱ ስፌት ነው፤ ድሬ እንደተመለሳችሁ ያንን ብቻ ደግማችሁ አሰፉት፣ ቦዩ ገና አልጠፋ እንደሆነም ጫማ ሰፊው ያሳያችሁ። ቦዩ ከጠፋ ሶሉ አልቋል፤ ጫማው ከዚያ በኋላ ለድሬው ከዚራ ሰፈር ጥላ እንጂ ለታጁራ አይሆንም።